ዘጠኝ ክረምት የጠረበው ድንጋይ

የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አልችልም። አርባ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ሽታ ነው፤ በላይነሽን ያገባሁበት፣ ልጄን ያሳደግሁበት፣ ይህችን የቆርቆሮ ቤት ያቆምኩበት። ዛሬ በሰፈራችን ፎቅ የማይጀመርበት ቀዳዳ ስለጠፋ ከቤቴ ወጥቼ አየር ጤና እስክደርስ ሦስት አራት ቦታ አፍንጫዬን በኮቴ ኮሌታ እሸፍናለሁ። የሚያዩኝ ልጆች "አባባ፣ አቧራው ነው?" ይሉኛል። አዎ፣ አቧራው ነው እላቸዋለሁ። ሽማግሌ ሲዋሽ ማንም አይጠረጥረውም።

ባለፈው ሐምሌ ከሰዓት በኋላ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ብቻ ቀርቷል። ከሰልፉ አጠገብ አዲስ የሚሠራ ሕንፃ አለና ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ያቦካሉ፤ እኔም እንደ ልማዴ አፍንጫዬን ይዤ፣ ድሮ እዚያው ቦታ ላይ የነበረውን የልብስ ሰፊውን የከድር ሱቅ አስባለሁ። ከድር የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲሰፋ ቴፑን እስከ ጥግ ይከፍተው ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው እየተጎተተ ሲዘፍን እኛ ፌርማታው ላይ የቆምነው እንስቅ ነበር። አንድ የካኪ ሱሪ በስምንት ብር ይሰፋልኝ ነበር፤ ጉልበቱን ደርቦ። እንደ እኔ ያለ ሊሾ ሠሪ፣ የሲሚንቶ ወለል የሚያለሰልስ ሰው፣ ጉልበቱ ላይ ነው የሚኖረው። ይህንን እያሰብኩ ሳለሁ ከኋላዬ "ጋሼ ተፈራ! ጋሼ ተፈራ አይደሉም?" የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ክው አልኩ።

ሰብለ ነበረች። የግቢያችን ተከራይ የነበረችው፣ ቀራፂዋ ሰብለ። ፀጉሯ ከፊት በኩል ነጥቷል፣ ፊቷ ከስቷል፤ እጆቿ ግን ያው ናቸው፣ እንደ ወንድ እጅ የሻከሩ፣ በግራ አውራ ጣቷ ላይ መሮ የሸረፈው ጠባሳ ሳይቀር። ትከሻዬን ስማኝ ቀና ሳትል ማልቀስ ጀመረች። "እትዬ በላይነሽን ጋሼ... ከዓመት በኋላ ነው የሰማሁት። ልቅሶ እንኳ አልደረስኩም። ከሰማሁ በኋላስ በምን ዓይኔ ልምጣ?" አለችኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል። እኔም "እግዜር ያጽናሽ" አልኳት፤ ሚስት የሞተችው የእኔ፣ የማጽናናው እኔ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ "ቅዳሜ ሳንሱሲ ቤቴ ይምጡልኝ። የምነግርዎት አለ። ብቻዬን ይዤው መኖር አቃተኝ" አለች። እመጣለሁ አልኳት። እኔም የምነግራት ነበረኝ። ልውጣ ልውጣ እያለ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ስንት ጊዜ የዋጥኩት ነገር።

ሰብለ ግቢያችን የገባች ዕለት ትዕግስት ልጄ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ሰብለ ከሥዕል ትምህርት ቤት ከወጣች ብዙም አልቆየችም፤ አባቷ ጎጃም ያሉ ቄስ ናቸው፣ እዚህ ከተማ ዘመድ የላትም። የኋላዋን ክፍል በሰማንያ ብር ልትከራይ ተስማማንና በማግስቱ ዕቃዋን በጋሪ ጭና መጣች። ዕቃዋ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ነበሩ። በላይነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ልጄ፣ አልጋሽስ?" ስትላት፣ "አልጋ እገዛለሁ እትዬ፤ ድንጋዮቹን ግን ከዛሬ በኋላ አላገኛቸውም" አለቻት። ያኔ እንደ አሁኑ ሴቱ ሁሉ ሱሪ ለባሽ አልነበረም፤ ሴት ልጅ ቱታ ለብሳ መዶሻ ይዛ ስትገባ ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አያት። እኔም እውነቱን ለመናገር ንቄያት ነበር። በድንጋይ ሙያ ማን ሊነግረኝ!

እኔ ሊሾ ሠሪ ነበርኩ አልኳችሁ። ከኮልፌ እስከ አስኮ ያፈሰስኩት ወለል ተቀጥሎ ቢነጠፍ አንድ ሰፈር ይሸፍናል። የእኔ ሊሾ ፊት ያሳያል ይሉ ነበር። ሲሚንቶውን አፍስሼ፣ ቀለሙን ነስንሼ፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ሲጠነክር ደግሞ ሦስት ቀን በማለስለሻ ድንጋይ እየፈተግሁ ሳወጣው፣ የቤቱ እመቤት ጫማዋን አውልቃ ነው የምትገባው። የእኔ ሥራ ማለት ጎድጓዳ መሙላት፣ ሻካራ ማለስለስ፣ የተጣመመ ማቅናት ነው። ቀዳዳ ካየሁ እጄን ይበላኛል። ሰብለ ደግሞ ሥራዋ ተቃራኒው መሆኑን ያወቅሁት በመጀመሪያው ክረምት ነው።

የበረንዳችን ጥግ ላይ አሸንዳው ቀዳዳ ነበረው። ልጠግነው ላሜራና ሬንጅ ይዤ መሰላል ላይ ስወጣ ሰብለ ከክፍሏ እየሮጠች ወጣች።

"ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይነኩት!"

"ያፈሳል እኮ ልጄ።"

"ስለሚያፈስ ነው። ይህችን ጠብታ ይስጡኝ።"

ውሃ ሰጥቼ ዐውቃለሁ፣ ጠብታ ስጡኝ ሲሉኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከሦስቱ ድንጋዮች አንዱን፣ ለስለስ ያለውን የአምቦ ድንጋይ፣ እየገፋች አመጣችና ልክ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ አልነካችውም። በቃ። ቁጢጥ ብላ ማየት ብቻ። "ምን ልትሠሪው ነው?" ስላት፣ "እኔ አይደለሁም የምሠራው ጋሼ፣ ክረምቱ ነው። የእኔ ሥራ ቦታ ማሳየት ብቻ ነው" አለችኝ። በላይነሽ ከማድቤቱ ሆና "እንዲህ ያለ ሥራስ እኔም አላጣም፤ ተቀምጦ ማየት!" ብላ ሦስታችንም ሳቅን።

የመጀመሪያው ክረምት አልቆ ድንጋዩ ላይ የታየው የአውራ ጣት አሻራ የምታክል ጥቁር እድፍ ናት። በሁለተኛው ክረምት እድፉ ሸካራ ሆነ። በአራተኛው ጣቴን ሳስገባ የጥፍሬን ያህል ገባ። ሰብለ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ቆሼ ወርዳ ከቆሻሻው ብረት ከሚለቅሙት ሰዎች የዛገ ላሜራ እየገዛች ዝገቱ አንዱን ቀዳዳ ከሌላው እስኪያገናኝ ከግድግዳ ላይ ሰቅላ ትጠብቃለች፤ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ደግሞ ለምስጥ ሰጥታ ምስጦቹ የበሉትን መንገድ በማጉያ መስታወት ትከተላለች። በላይነሽ ምስጡን ያየች ቀን ጮኸች። "ልጄ፣ ሰው ዶሮ ያረባል፣ አንቺ ምስጥ ታረቢያለሽ? ቤቴን ልታስበዪኝ ነው?" ሰብለ ግንዱን በጎማ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን አመድ ነስንሳ እስክታሳያት ድረስ አልተረጋጋችም። ከዚያ በኋላ ግን አመዱን በየሳምንቱ የምታድሰው በላይነሽ ራሷ ነበረች። ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ሆኑ። ሰብለ ጾሟን ስትይዝ ሽሮዋን የምታቀምሳት፣ ገንዘብ ሲጠፋት ኪራይዋን ከፍላለች ብላ ከእኔ የምትሸሽግላት በላይነሽ ናት።

ጎረቤትና አላፊ አግዳሚው ሁሉ ግን ይቀልድብኝ ነበር። የግንበኛ ቤት ያፈሳል እያሉ። የእድራችን ዳኛ በመጡ ቁጥር ቀና ብለው አሸንዳውን ያዩና "አቶ ተፈራ፣ ለሰው ቤት ነው እንዴ የሚበረቱት?" ይሉኛል። እኔም "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እናያለን" እላለሁ፣ እያፈርኩ። ማፈሬን ለሰብለ አልነግራትም። ምክንያቱም ነገሩ ለካ እኔንም ይዞኝ ነበር። ሰኔ ሲገባ ደመናውን የማየው ለሥራዬ ብዬ መሆኑ ቀረ። ሌሊት ዘንቦ ካደረ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ድንጋዩ ጋ እሄዳለሁ። በስምንተኛው ዓመት ጉድጓዱ የቡና ስኒ ይውጥ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ማንም ሰው በእጁ ሊያወጣው የማይችል ልስላሴ ነበረው፣ በአንድ በኩል ውሃው ሞልቶ የሚፈስበት ቀጭን ቦይ ከፍቷል፣ በቦዩ ዳርና ዳር ደግሞ ድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። እኔ በሦስት ቀን የማለሰልስ ሰው፣ በስምንት ዓመት የለሰለሰ ነገር ሳይ አፌን ዘጋሁ። አንድ ቀን ሰብለ የትምህርት ቤት ጓደኞቿን አምጥታ አሳየችና ሁሉም አገጫቸውን ይዘው የየራሳቸውን ሲያወሩ፣ እኔ ጣቴን አስገብቼ "እዚህ ጋ ድንጋዩ ደም ሥር አለው፤ ውሃው ዞሮት ነው የሄደው" አልኩ። ሰብለ ወደ ጓደኞቿ ዞራ "ድንጋይ የሚገባቸው ጋሼ ብቻ ናቸው" አለች። ያቺን ቃል እንደ ሜዳልያ ደረቴ ላይ ሰክቼ ዓመት ኖርኩባት። ያጠፋችኝም ያቺ ቃል ናት።

በዘጠነኛው ክረምት መግቢያ አባቷ ታመሙባት። አገር ቤት ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ በረንዳው ላይ ቆመችና ድንጋዩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "ጋሼ፣ አደራ። የዘንድሮው ክረምት ሲያልቅ ዐውደ ርእይ ላይ አቀርበዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ ሰጥተውኛል። እስክመለስ ማንም አያንቀሳቅሰው፣ ማንም አይጠበው።" አደራሽን ከምበላ ሞቼ እገኛለሁ አልኳት። ሰው ቃሉን ሲሰጥ ምንኛ ይቀለዋል!

ትዕግስት ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። አዲስ ዓመት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እሷን የፈለጋት ልጅ ወገኖች ሽማግሌ እንደሚልኩ ተነገረን። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ትልቅ ሥራ ተቋራጭ ነው ተባለ። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ የሚስተናገዱት በረንዳው ላይ ነው። እኔም ሥራ አቋርጬ ግቢውን ማደስ ጀመርኩ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፣ በሩን ቀለም አስነካሁ፣ የተሸረፈውን የበረንዳ ጠርዝ ሞላሁ። ከዚያ ጥጉ ላይ ያ ድንጋይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ፣ ውሃ እያንጠባጠበበት። ቀና ስል ደግሞ የሚያፈሰው አሸንዳዬ። ሥራ ተቋራጩ እዚያ ቆሞ ሲያየው ታየኝ። የሊሾ ሠሪው ቤት!

በላይነሽ ዓይኔ የት እንዳረፈ ዐወቀች። "ተፈራ፣ እሱን ድንጋይ እንዳትነካ። የልጅቷ አደራ ነው። ከፈለግህ ምንጣፍ ጣል እናደርግበታለን" አለችኝና ገበያ ሄደች።

መጀመሪያ አሸንዳውን ብቻ ነው የምጠግነው ብዬ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እከፍተዋለሁ ብዬ። ጠገንኩት። ጠብታው ቆመ። ከዚያ ድንጋዩ ደርቆ ሲታየኝ እድፉ ባሰ። በብሩሽ ጠረግ አደረግሁት። ሽበቱ ሁሉ ረገፈ። ከረገፈ ወዲያ መቼስ ብዬ ቀጠልኩ። የቦካው ሲሚንቶ ተርፎ ነበር፤ እንዳይባክን አልኩ። እግዚአብሔር ያያል፣ እንዳይባክን አልኩ! ጉድጓዱን ሞላሁት፣ ቦዩን ደፈንኩት፣ ነጭ ሲሚንቶ ከላዩ ቀባሁት። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን በማለስለሻው ድንጋይ ፈተግሁት። እጄ ደስ ብሎታል፣ ያፏጫል እንጂ አያስብም። ሲያልቅ ፊት የሚያሳይ የድንጋይ መቀመጫ ሆነ። በላይነሽ ከገበያ ስትገባ መጀመሪያ ቀን የደፈንኩትን አይታ ዘንቢሏን መሬት ጣለች። አልጮኸችም። "ለእሷ ምን ልትላት ነው?" ብቻ ነው ያለችኝ። እኔም "ይልቅ ታመሰግነኛለች፤ አማረላት" አልኳት። ይህን ስናገር አምኜው ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ፣ እኛም እንደ ወጉ ትንሽ አስለመንን፣ ከዚያ ተቀመጡ ተባሉ። ሥራ ተቋራጩ ወንበሩን ትቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ዳሰስ አድርጎ "አቶ ተፈራ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የት ይገኛል?" አለኝ። እኔም ፊቴ በራ። ልጄ በመስቀል ሰሞን ተዳረች።

ሰብለ ከመስቀል በኋላ መጣች፣ አባቷን ቀብራ፣ ጥቁር ለብሳ። ለቅሶ ደረስናት፣ በላይነሽ አቅፋት አለቀሰች። ከዚያ ሰብለ ወደ ጥጉ ሄደች። ድንጋዩ ላይ የትዕግስት ሚዜዎች የተዉት የለስላሳ ጠርሙስ ነበረ። እሱን አንስታ መሬት አስቀመጠች፣ ተንበርክካ በመዳፏ አሸችው፣ ጉድጓዱን የምትፈልግ ይመስል ደጋግማ አሸችው። ቀና ብላ አሸንዳውን አየች። ከዚያ በጣም በቀስታ "ማን ነው?" አለች።

የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ አልጨምርበትም አልቀንስበትም። "እኔ ሆለታ ሥራ ላይ ነበርኩ። በላይነሽ ናት። ለሽማግሌዎቹ ብላ ሠራተኛ አስመጥታ አሠራችው። ባለማወቋ ነው፣ አትፍረጅባት።" ዓይኔን በጨው ታጥቤ። ድንጋይ የሚገባቸው ጋሼ ብቻ ናቸው ያለችኝ ልጅ ፊት፣ ድንጋይ የማይገባኝ ሆኜ መታየት አልቻልኩም። በላይነሽ የማድቤቱ በር ላይ ሰፌድ ይዛ ቆማለች። አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሰፌዱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ሰብለ መጣችና "አዎ፣ እኔ ነኝ ልጄ። ባለማወቄ ነው" አለች።

ሰብለ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። "ዘጠኝ ክረምት እትዬ" አለች። በዚያው ወር ሳንሱሲ ቤት አግኝታ ወጣች። ዐውደ ርእዩ ያለ እሷ አለፈ። እኔን ስትሰናበት ጉልበቴን ሳመች፤ ለበላይነሽ ራሷን ብቻ ዝቅ አደረገች። ጋሪው ከሄደ በኋላ በላይነሽን ይቅርታ ልጠይቅ ስንተባተብ "ተወው። እኔን ብትጠላ ምንም አትሆንም፤ አንተን ብትጠላ ግን ድንጋይ ይሉትን ነገር ሁሉ ትጠላለች። ሲበርድላት ግን አንተው ትነግራታለህ" አለችኝ። እነግራታለሁ አልኳት። ይኸኛው ክረምት ይውጣ አልኩ፣ ወጣ። ፋሲካ ይለፍ አልኩ፣ አለፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው አይሠራም ለካ። በላይነሽም አንድ ሁለት ጊዜ አስታውሳኝ ተወችው። አብረን አረጀን፣ ልብ ድካም ያዛት፣ ሞተች። እድሩ ድንኳን ሲተክል፣ ሰው እየጎረፈ ሲገባ፣ ዓይኔ ሰብለን ይፈልግ ነበር። ሳትመጣ ቀረች። ደስ አለኝ። የሚስቴ አስከሬን ሳሎኔ ውስጥ ተኝቶ እኔ ሰብለ አለመምጣቷ ደስ አለኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

ቅዳሜ ሳንሱሲ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ያው ቱታ ለብሳ ነው። ግቢዋ ሰፊ አይደለም፤ ያለው ሁሉ ግን ሥራ ላይ ነው። ከብት የሚልሰው አሞሌ ጨው አለ፣ ምላስ እንዳለሰለሰው ተቀምጧል። የዛፍ ሥር ቀስ እያለ የሰነጠቀው ግንብ አለ። ከቤቱ ጥግ ደግሞ በአሸንዳው ቀዳዳ ሥር የተቀመጠ ሌላ የአምቦ ድንጋይ። ይኸኛው ከእኛው ጠልቋል። በረንዳዋ ላይ ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ አቀረበች፣ ከዚያ ሻይዋን ሳትነካ ወሬዋን ጀመረች።

"ከእናንተ ግቢ ከወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፤ ጥቅምት ነው፣ ሰኞ ቀን። እትዬ በላይነሽ ብቻቸውን መጡ ጋሼ። ቤቴን በማን እንዳገኙት አላውቅም። በሩን ስከፍት ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስተው በማጅራታቸው ተሸክመው ተንበርክከዋል። እዚህ ጋ፣ እዚህ አጥሩ ሥር። 'ይቅር በይኝ ልጄ' አሉኝ።" በጣቷ አጥሩን አሳየችኝ። "ያን ጊዜ ክፉ ነበርኩ። ሥራ ጠፍቶብኝ፣ አባቴ ሞቶብኝ። ድንጋዩን ላነሳላቸው ሲገባኝ፣ ቆሜ አየኋቸው። ወጉን ያውቁታል፤ የተበደለው ነው የሚያነሳው። እኔ በሩን ዘጋሁት ጋሼ። ብዙ ከቆዩ በኋላ ራሳቸው ሲያወርዱት በቀዳዳ አየሁ። አቧራቸውን አራግፈው ሄዱ። አንዲት እናት፣ ላላወቁት ጥፋት! መቃብራቸው ላይ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ያሳዩኝ ብዬ ነው የጠራሁዎት።"

ሻዩን አስቀመጥኩት። በላይነሽ ይህን አልነገረችኝም። አንድም ቀን።

"ሰብለ" አልኳት፣ "እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።"

"ምኑን ነዎት?"

"ድንጋይሽን። በገዛ እጄ ነው የደፈንኩት። ሆለታ የሚባል አገር አልሄድኩም። እሷ አትንካው እያለችኝ፣ አደራ ነው እያለችኝ። አንቺንም ዋሸሁሽ። እሷ የእኔን ነው የተሸከመችልኝ።"

የሰብለ ዓይን ወደ አጥሩ ሄደ፤ እኔም ዓይኗን ተከትዬ አየሁት። ድንጋዩ በላይነሽ ያወረደችበት ቦታ ላይ አለ፣ ሳር ወርሶታል፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቷል። ማንም አላንቀሳቀሰውም። ተነስቼ ሄድኩ። በእጄ ዙሪያውን ጭሬ ነቅዬ አወጣሁት፤ ወደ ማጅራቴ አወጣሁትና ተንበረከክሁ። "ይቅር በይኝ" አልኩ። እንባዬ አገጬ ላይ ይወርዳል፤ በሕይወቴ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር።

መጥታ ፊቴ ቆመች። እጇን ዘርግታ ነበር፣ መልሳ ሰበሰበችው።

"ጋሼ፣ እኔን የበደሉኝ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ይገኛል፤ ይኸው ሌላ አስቀምጫለሁ። ይህንን የሚያነሱልዎት ግን እሳቸው ነበሩ። እኔ በምን አቅሜ ላንሳልዎት? እኔም ያላነሳሁላቸው ነኝ።" ይህን ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቤት ገባች።

እስኪደነዝዘኝ ተንበርክኬ ቆየሁ። ከዚያ ራሴ አወረድኩት። ድንጋይ መሸከም እንኳ ሙያዬ ነው፤ ሰው ሳያነሳልህ በገዛ እጅህ ማውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁና ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ያንን ሰኞ ነበር። በላይነሽ ከዚያ ተነስታ፣ በሁለት ታክሲ ተመልሳ፣ ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ አፈር ነክቶት ቤት ገብታለች። እኔ ቤት ነበርኩ፣ ወይም ከሥራ ገብቻለሁ። ራት አቅርባልኛለች። ምናልባት የት ውለሽ ነው ብያታለሁ፣ ምናልባት ወጡ ጨው በዛበት ብዬ ተቆጥቻለሁ። እቤት እስክደርስ ያን ምሽት በትዝታዬ ፈለግሁት፤ ደርሼም አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ፈለግሁት። ያን ቀን ፊቷን አይቼው እንደሆነ እንኳ ማስታወስ አልቻልኩም።